ባለቤቴን የሚከታተል ሰው ልቅጠር ወይ?

ከደሴ ከተማ የጻፉልን እናት ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል።

«ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 13 ዓመት ሆኖናል። የ11 ዓመት ወንድ እና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ባለቤቴ ከስምንት ወር በፊት ሥራውን ምክንያት አድርጎ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ ወጣ። የሁለታችንም ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ነበር፤ እርሱ ግን ‹ጊዜ ስጡኝ› ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ሌላ ሴት እንዳለች የሚነግሩኝ ሰዎች አሉ፤ በዓይኔ አየሁ የሚል ግን አላገኘሁም። ደሴ ያለው ቤታችን ካርታው በእርሱ ስም ነው፤ አይሱዙውንም ሸጦት ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። አንዲት ጎረቤቴ ሰው የሚከታተል አንድ ግለሰብ አገናኘችኝ። ዋጋው 45,000 ብር ሲሆን ግማሹ ቀብድ ነው። ፎቶውን፣ የቴሌግራም መልእክቱን እና የስልክ ጥሪ ዝርዝሩን እንደሚያመጣልኝ ቃል ገብቶልኛል። ብሩን የማገኘው ወርቄን ሸጬ ነው። ፍርድ ቤት ይህን ማስረጃ ይቀበለኛል? ለቤቱ እና ለልጆቼስ ይጠቅመኛል? ትልቁ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱ ዘንድ ውሎ ሲመለስ ማን እንደነበረ እጠይቀዋለሁ፤ ዝም ይለኛል። እውነቱን ሳላውቅ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

የተከበሩ እህቴ፣

በወሎ አነጋገር መጀመሪያ አብሽሩ ልበልዎ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ አስረዳለሁ። ቀብዱን ገና ካልከፈሉ አይክፈሉ። ይህን የምለው ሐዘንዎን አቅልዬ በማየት አይደለም፤ ስምንት ወር ሙሉ «ጊዜ ስጡኝ» በሚል ቃል ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ሰው እንቅልፍ ቢያጣ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። የምለው፣ ሰውየው ሊያመጣልዎ ቃል የገባው ነገር ፍርድ ቤቱ ለማይጠይቀው ጥያቄ መልስ ስለሆነ፣ ፍርድ ቤቱ በእርግጥ ለሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ደግሞ መልሱ የሚገኘው ሰውየው በሕግ ሊደርስበት በማይችል ቦታ ስለሆነ ነው።

ብዙ ሰው ዛሬም ድረስ «ሲማግጥ የተያዘ ባል ቤቱንም ልጆቹንም ያጣል» ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን በጥፋት ላይ የመሠረተ ስለነበር አመንዝራነትን ከከባድ የፍቺ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ ጥፋተኛ የተባለው ወገንም በንብረት ክፍፍሉ ላይ ሊቀጣ ይችል ነበር። የእናቶቻችን ትውልድ ክርክሩን በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፊት ያካሄደው በዚያ ሕግ ነው፤ ምክሩም ሳይታደስ ከእናት ወደ ልጅ ተላለፈ። ነገር ግን በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክልላችን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የጸደቁት የቤተሰብ ሕጎች ይህን መሠረት ቀይረውታል። ዛሬ ፍቺ የሚጠይቅ ሰው የሌላውን ጥፋት በማስረጃ እንዲያረጋግጥ አይገደድም። ሁለቱም ተስማምተው ወይም አንዳቸው ብቻቸውን አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ፤ የጋራ ንብረትም በመርህ ደረጃ እኩል ይካፈላል። ስለዚህ ባለቤትዎ ሌላ ሴት ቢኖረውም ባይኖረውም በቤቱ ላይ ያለዎት ድርሻ ያው ነው።

በእርግጥ የትዳር ታማኝነት ከሕግ ወጥቷል ማለቴ አይደለም። ባልና ሚስት መተማመን እንዳለባቸው የቤተሰብ ሕጉ ይደነግጋል፤ ፍትሕ በሚያስገድድበት ጊዜም ለጋብቻው መፍረስ ምክንያት የሆነው ወገን ለሌላው ካሳ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 652 አመንዝራነትን ተበዳዩ የትዳር ጓደኛ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ሆኖም ባለቤትዎን በወንጀል ማስከሰስ እንደሚፈልጉ በደብዳቤዎ አልጻፉልኝም፤ የጻፉልኝ ስለ ቤቱ፣ ስለ አይሱዙው እና ስለ ልጆቹ ነው። የልጆች አባት ታስሮ ቀለብ እንዴት እንደሚከፍል ደግሞ እርስዎም ሳያስቡበት አይቀሩም።

በፊልም የምናየው፣ ካሜራ ይዞ መኪና ውስጥ አድፍጦ የሚያመሸው የግል መርማሪ፣ የተፈጠረው ጥፋትን ማረጋገጥ ግድ በነበረበት ዘመን ነው። በምዕራቡ ዓለም ፍቺ የሚፈልግ ሰው የሌላውን መማገጥ ለዳኛ ማሳየት ሲኖርበት ፎቶው ዋጋ ነበረው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በጥፋት ላይ ያልተመሠረተ ፍቺን እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣ ሕግ ከፈቀደች በኋላ፣ በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2022 ተመሳሳይ ለውጥ ከተደረገ ወዲህ፣ የዚያ ዓይነቱ ፎቶ በፍቺ ክርክር ውስጥ የነበረው ክብደት ቀንሷል። እኛም ዘንድ ሕጉ ከተለወጠ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፊልሙን ብቻ አይቶ የሚመክር ጎረቤት ይህን አይነግርዎትም።

አሁን ሰውየው ቃል ወደገባልዎት ነገር እንምጣ፤ እዚህ ላይ በጣም እንዲጠነቀቁልኝ እለምንዎታለሁ። የባለቤትዎን የቴሌግራም መልእክት ያለ ፈቃዱ ገብቶ ማየትም ሆነ ስልኩ ላይ መከታተያ መጫን በአገራችን ወንጀል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የስልክ እና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት የማይደፈር መሆኑን ደንግጓል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት ያለ ፈቃድ መግባትን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል፤ ስልክም በዚህ ውስጥ ይካተታል። የሰውን ግንኙነት መጥለፍ ከዚያ የበለጠ ያስቀጣል። «ባሌ ነው፣ የይለፍ ቃሉንም አውቀዋለሁ» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም፤ ሥራውን ያሠራውና ገንዘቡን የከፈለው ሰውም እኔ በእጄ አልነካሁም ብሎ አያመልጥም። የጥሪ ዝርዝሩን በተመለከተ፣ የሌላ ሰው የጥሪ መዝገብ በሕግ ሥልጣን ባለው አካል ትእዛዝ እንጂ በግለሰብ ጥያቄ አይወጣም። እንግዲህ ሰውየው ዝርዝሩን በእርግጥ የሚያመጣ ከሆነ ከውስጥ ሠራተኛ ገዝቶ ነው፤ የማያመጣ ከሆነ ደግሞ ገንዘብዎን እየወሰደ ነው። ከሁለቱ አንዱ መሆኑ አይቀርም።

ይህን ሰው የሚያስፈራ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። የሰበሰበው ምስጢር በእጁ ነው፤ እርስዎም ወንጀል እንዳሠሩት ያውቃል። ሁለተኛውን ክፍያ ሲጠይቅ፣ ከዚያም ሦስተኛውን ሲያስከትል ለማን ይከሳሉ? ይኸው ሰው በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ለባለቤትዎ «ሚስትህ አስከትላሃለች» ብሎ ከዚያም ወገን ቢቀበል ምን ያደርጋሉ? ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም በሰው ትውውቅ አንድ ሰፈር ናቸው፤ ከፒያሳ የተነሳ ወሬ ምኒባሱ ሐረጎን ሳይጨርስ ኮምቦልቻ ይደርሳል። አንድ የማይታወቅ ሰው በባለቤትዎ ደጃፍ ሁለት ቀን ከተመላለሰ በሦስተኛው ቀን ባለሱቁ ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል። እስከ ዛሬ በመካከላችሁ ጠብ ብቻ ከነበረ፣ ያን ቀን ቂም ይጨመርበታል።

«ቴሌግራሙ ይቅር፤ በአደባባይ ፎቶ ብቻ ያንሳልኝ» ይሉኝ ይሆናል። ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ በጠበቃነት የቆምኩበትን አንድ ችሎት ላስታውስዎ። ደንበኛዬ ከእኔ ጋር ሳትመካከር አንድ ወጣት ቀጥራ ባሏን አስከትላ ነበርና በቀጠሮው ቀን ዘጠኝ ፎቶዎች በፕላስቲክ ኤንቬሎፕ ይዛ መጣች። በሁሉም ላይ ባልየው ኮምቦልቻ አንድ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ አረንጓዴ ሻሽ ካሰረች ወጣት ጋር ተቀምጧል፤ በአንደኛው እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጓል። ወጣቱ በምስክርነት ቀረበ። ዳኛዋ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ጠየቁት፤ አላወቀም። የተቃራኒው ወገን ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ስንት እንደተከፈለው ጠየቀው፤ ብሩን ሲናገር ከኋላ ወንበር ማጉረምረም ተሰማ። ከዚያ ባልየው «የእህቴ ልጅ ናት፤ ከባቲ ለሕክምና መጥታ ነው» አለ፤ እናቲቱም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ ነበርና ብድግ አለች። የእናቲቱን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ፎቶው ከንቱ መሆኑ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ደንበኛዬን ከሁሉ የጎዳት ከዚያ በኋላ የተከተለው ነው። የባሏ ሁለት አጎቶች ቤቱ የተሠራው ከጋብቻው በኋላ መሆኑን፣ እርሷም ለግንበኛ ውሃ እየቀዳች እንዳሠራችው ሊመሰክሩላት ፈቃደኛ ነበሩ። የዘመዳቸው ልጅ በችሎት ፊት በእንዲህ ዓይነት ነገር ስሟ ከተነሳ በኋላ ሁለቱም ቀሩ። ስለ ቤቱ ያሸነፍነው በስንት ድካምና ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይተን ነው። የተከፈለበት ምስክር በዳኛ ዓይን ምን ጊዜም ቀላል ነው፤ ያለ ክፍያ ሊመሰክር የነበረውን ዘመድ ማጣት ግን ከባድ ነው።

እንግዲህ ስለ ንብረቱ በትክክለኛው መንገድ እንነጋገር፤ ፍርሃትዎ በተለይ እዚህ ላይ ተገቢ ነውና። በመጀመሪያ፣ ተለያይቶ መኖር ፍቺ አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ጋብቻችሁ በፍርድ እስካልፈረሰ ድረስ ባለቤትዎ በእነዚህ ስምንት ወራት ያፈራው ገቢም ሆነ ንብረት የጋራ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን እርሱ ካላስረዳ በስተቀር የጋራ ሆኖ ይገመታል። ካርታው በስሙ መሆኑ ያን ያህል እንዳያስፈራዎ የምለው ለዚህ ነው፤ የማስረዳት ሸክሙ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በእርሱ ላይ ነው። የጋራ የሆነ ቤትን ለመሸጥም ሆነ በዋስትና ለማስያዝ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል፤ እንደ አይሱዙ ላለ ዋጋው ከፍ ላለ ተንቀሳቃሽ ንብረትም እንዲሁ። ያለ እርስዎ ስምምነት ከሸጠ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። ይህ መብት ግን ጊዜ አለው፤ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሽያጩን ባወቁ በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ «ሸጦታል» የሚል ወሬ የሰሙበትን ቀን ዛሬውኑ በወረቀት ያስፍሩና ለጠበቃዎ ያሳዩ።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የቁም ሳጥኑን መሳቢያ ይክፈቱ። የጋብቻ ማስረጃችሁን፣ የልጆቹን የልደት የምስክር ወረቀት፣ የካርታውን እና የሊብሬውን ፎቶ ኮፒ፣ የቤት ግብር ደረሰኞችን፣ ያረጀም ቢሆን የባንክ ደብተሩን፣ ለግንበኛ እና ለብሎኬት የከፈላችሁባቸውን ቢጫ የሆኑ ወረቀቶች ሳይቀር አውጥተው በአንድ ፌስታል ያድርጉ። ሊብሬውን ካጡት ስልክዎ ውስጥ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች ይመልከቱ። አንዲት ደንበኛዬ የጭነት መኪናቸውን የታርጋ ቁጥር ያገኘችው በልጇ የበዓል ፎቶ ላይ ነው፤ ልጅቷ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መኪናው ፊት ቆማለች፣ ከትከሻዋ በላይ «ኮድ 3 አማ» ከነቁጥሩ ጎልቶ ይነበባል። ከዚያ ፎቶ ሌላ ለመኪናው ፍለጋ ያስፈለገን ነገር አልነበረም። ይህ ሁሉ የእርስዎ የራስዎ ቤት እና የራስዎ ስልክ ነው፤ ማንም እንደ ስለላ አይቆጥርብዎትም።

ቁጥሩና ስሙ ከተገኘ የቀረውን የሚሠራው ፍርድ ቤቱ ነው። ተሽከርካሪው ዛሬ በማን ስም እንዳለ፣ መቼስ እንደተዛወረ የትራንስፖርት መዝገብ ያውቃል። ይዞታውን የከተማው መሬት አስተዳደር፣ ንግድ ፈቃዱን የንግድ ጽሕፈት ቤቱ፣ የታወጀ ገቢውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ ያውቃል፤ ሒሳቡን ደግሞ ባንኩ። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች ለእርስዎ ወይም ለተቀጠረው ሰው መዝገባቸውን አይከፍቱም፤ ዳኛ ሲያዝ ግን ማስረጃውን በማኅተም አትመው ይልካሉ። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 145 ፍርድ ቤት በሌላ መሥሪያ ቤት ያለ ሰነድ እንዲቀርብ የሚያዝበትን መንገድ አስቀምጧል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 154 ለክርክር የቀረበ ንብረት እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ እንዳይባክን የእግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ቤቱ እና አይሱዙው የታገዱ ዕለት ባለቤትዎ የትም ቢያመሽ ድርሻዎ አይነካም። እንዲያው እንቅልፍ የሚመልስልዎት ወረቀት ቢኖር ይህ የእግድ ትእዛዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

አቤቱታዎን ሲያቀርቡ የፍቺው ጉዳይ እስኪወሰን ድረስ ባለቤትዎ ለእርስዎ እና ለልጆቹ ቀለብ እንዲሰጥ፣ ልጆቹ ማን ዘንድ እንደሚቆዩ፣ ንብረቱን ማን እንደሚያስተዳድር ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥልዎ አብረው ይጠይቁ። ለጠበቃ እና ለዳኝነት የሚከፍሉት ከሌለዎት ሕጉ በደሃ ደንብ የመክሰስ መብት ይሰጥዎታል፤ ከፍትሕ ጽሕፈት ቤቱና ከሴቶች እና ሕጻናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱም ድጋፍ ይጠይቁ። ወርቅዎን አይሽጡ። ከጋብቻ በፊት የነበረዎት ወይም ለእርስዎ በስጦታ የተሰጠ ከሆነ የግል ንብረትዎ ነው፤ ልጆች ይዞ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ነገ ምን እንደሚያስፈልገው አያውቅምና በእጅዎ ይቆይ።

የልጆቹን አስተዳደግ በተመለከተ ዳኛው የሚመለከተው የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜ እና ጥቅም ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው ማን ነው? ሲታመሙ የሚያሳክማቸውስ? አባታቸው ሌላ ሴት ይዟል የሚለው ብቻውን የትም አያደርስም። ልጆቹ በሚውሉበት ቤት ስካር፣ ድብደባ ወይም ሌላ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያን ጊዜ ተከታታይ ቀጥሮ መጠበቅ ሳይሆን ወዲያውኑ ለፖሊስ እና ለፍርድ ቤት መናገር ያስፈልጋል። ባለቤትዎ በእርስዎ ላይ እጁን አንስቶ ወይም ዝቶብዎት የሚያውቅ ከሆነም እንዲሁ።

ሰው ማስከተል ፈጽሞ ዋጋ የለውም እንዳልል ያህል፣ የሚጠቅምበትን ጠባብ በር ላሳይዎ። ባለቤትዎ ኮምቦልቻ የተከራየበት ቤት የት እንደሆነ ካላወቁ የፍርድ ቤት መጥሪያ ለማድረስ አድራሻው ያስፈልጋል። አይሱዙው በየትኛው ጋራዥ ወይም መጋዘን ደጃፍ እንደሚያድር ማወቅም ለእግዱ አፈጻጸም ይረዳል። ይህን ማንም እግረኛ ከመንገድ ላይ ቆሞ የሚያየው ነው፤ ስልክ አይነካም፣ አጥር አይዘለልም። ለዚህ ግን 45,000 ብር ለምን ይከፈላል? አንድ የሚያምኑት ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ከሰዓት በኋላ ደርሶ ይመለሳል።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ሳይሳካ መቅረቱ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ራሱ አቤቱታ ሲቀርብለት በመረጣችሁት ሽማግሌ እንድትነጋገሩ ሊያደርግ ይችላል፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው፣ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ። ጋብቻችሁ በኒካሕ ከሆነ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ የሚችለው ሁለታችሁም ፈቅዳችሁ ስትቀርቡ ብቻ ነው፤ አንዱ ካልፈቀደ መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል። በአራተኛው ሽምግልና ግን ጥያቄው ይለወጥ። «ለምን ወጣህ?» ከማለት ይልቅ ቀን የተቆረጠለት ጥያቄ ይቅረብለት፤ እስከ መቼ ነው ጊዜ የሚፈልገው፣ እስከዚያስ ለልጆቹ በየወሩ ስንት ይሰጣል፣ ቤቱን እና መኪናውን ላለመሸጥ በጽሑፍ ይፈርማል ወይ? ይህን በሽማግሌዎች ፊት የፈረመ ሰው ለመመለስ ሊያስብ ይችላል። አልፈርምም ያለ ሰው ደግሞ ያለ ምንም ፎቶ መልሱን ሰጥቶዎታል፤ በማግስቱ ወደ ፍርድ ቤት ይሂዱ። ነገሩን ለዓመታት ማንጠልጠልም አይበጅም። ባልና ሚስት ለረጅም ዘመን ተለያይተው ሌላ ኑሮ ከመሠረቱ በኋላ የፍቺ ፍርድ ባይኖርም ጋብቻው እንደፈረሰ የተቆጠረባቸው የሰበር ችሎት ውሳኔዎች አሉና፣ መለያየቱ በረዘመ ቁጥር ክርክሩ ይወሳሰባል።

«እውነቱን ሳላውቅ» ያሉት ቃል ግን በሕግ ብቻ የሚመለስ አይደለም፤ ይህን በሚገባ ይገባኛል። ሰው የተከዳ ሲመስለው እርግጠኛ መሆን ይፈልጋል፤ ጥርጣሬ ከመርዶ ይከብዳል። ብዙ ሴቶች፣ ወንዶችም ጭምር፣ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ቢሮዬ ተቀምጠው አልቅሰዋል። ፎቶ ይዘው የመጡትን ስጠይቃቸው ግን አንዱ ፎቶ ሌላ ፎቶ እንዳስመኛቸው፣ «ከመቼ ጀምሮ?» «ከእኔ በምን ትበልጣለች?» የሚሉት ጥያቄዎች ከዚያ በኋላ እንደባሱባቸው ይነግሩኛል። እነዚያን ጥያቄዎች ሊመልስ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ባለቤትዎ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ የሚያከብረው አንድ ሰው በተገኘበት፣ «ሌላ ሴት አለች ወይ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት። ምናልባት ይዋሻል። ቢሆንም ከ13 ዓመት ትዳር በኋላ ሲዋሽ እና እውነት ሲናገር እርስዎ ከማንም ቅጥር ሰው አስበልጠው ያውቁታል።

በመጨረሻ የተውኩት ከደብዳቤዎ ሁሉ ያስጨነቀኝን ነው። ትልቁ ልጅዎ ቅዳሜ ከአባቱ ሲመለስ ማን እንደነበረ እንደሚጠይቁት፣ እርሱም ዝም እንደሚል ጽፈዋል። እህቴ፣ እርስዎ ተከታታይ ልቅጠር ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ሳያውቁት ልጁን ቀጥረውታል። የ11 ዓመት ልጅ ያየውን ቢናገር አባቱን የከዳ፣ ዝም ቢል እናቱን የከዳ ይመስለዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን አባቱን የሚያይበትን ሰዓት ምን አየሁ፣ ምን ብዬ እመልሳለሁ እያለ ሲጨነቅ ይውላል። ዝምታው ድብቅነት አይደለም፤ ሁለታችሁንም ላለማጣት በልጅ አቅሙ የያዘው መንገድ ነው። ዳኛ ልጁን ማነጋገር ቢፈልግ እንኳ፣ በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የተዋከበ ልጅ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ያስቡት። ከእርሱ ጋር አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው «እስከ ዛሬ ስለ አባትህ ቤት ስጠይቅህ የነበረው ልክ አልነበረም፤ ከእንግዲህ አልጠይቅህም» ይበሉት፤ እናት ልጇን ይቅርታ ብትጠይቅ ክብሯ አይቀንስም። ለእርሱም ለታናሽ እኅቱም፣ አባታቸው ዘንድ መሄዳቸው እርስዎን እንደማያስቀይምዎት በአፍዎ ይንገሯቸው።

የፊታችን ቅዳሜ ወደ ማታ በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ቦርሳውን ይቀበሉትና ምሳ ምን እንደበላ፣ ኳስ ተጫውቶ እንደሆነ፣ ሐረጎ ላይ ጉም ነበረ ወይ ብለው ይጠይቁት።